የጓዳው እጅጌ

ጥቅምት 4

ጠዋት ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት የጓዳውን እጅጌ ሰፋሁ። አሮጌው አፉ ላይ ተተልትሎ ክሩ ተንጠልጥሏል... ይኼ ሁሉ እጅ ሲገባበት ሲወጣበት ምን ያድርግ? ጨርቁ ከሱቄ ነው። (ይኼን መጻፍ ይቻላል? ጨርቅ ገንዘብ አይደለም። ይቻላል።)

አባዬ በጣቱ ዳሰሰና "ጠበበ" አለ።

"እጅህ ነው የወፈረው።"

"የግንበኛ እጅ ሲያረጅም አይቀጥን" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ዕድሜ ልኩን የዋጠው የሲሚንቶ አቧራ... ሳሉ ሲመጣ ያንን ቀይ መሃረቡን አፉ ላይ ይይዛል። እኔ ዞር እላለሁ። ሳየው አይወድም።

ዛሬ ደግሞ አንዲት ደንበኛ "እናንተ ሰዎች ከጸሎት በኋላ ጓዳ የምትገቡት ምን ልትሠሩ ነው?" አትለኝም! ድግምት መስሏታል። ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጸሎት ሲያልቅ ሁሉም ተራ በተራ፣ ብቻ ብቻውን ይገባል፤ ያለውም የሌለውም። ግድግዳው ውስጥ የተገነባ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ላይ የጨርቅ እጅጌ። እጅሽን ጨብጠሽ ትከቻለሽ፣ ጨብጠሽ ታወጫለሽ። ያለው ያስቀምጣል፣ የቸገረው ይወስዳል። ማን ሰጠ፣ ማን ወሰደ... ፈጣሪ ይወቀው። "ሰጠሁ" ማለት ነውር ነው። "እገሌ ወሰደ" ማለት የባሰ ነውር። እጅ ያደረገውን አፍ አይናገረውም።

"ሌባ ቢገባስ?" አለች።

"ሌባም ቸግሮት ይሆናላ።"

ቀሚሷን ይዛ ውልቅ አለች።

አባዬ ሬዲዮ ነው የሚለኝ። እውነቱን ነው፤ ወሬ አያድርብኝም። ለሰው የማይባለውን ደግሞ እዚህ ደብተር ላይ እዘከዝከዋለሁ። አንዲት አላስቀርም።

ጥቅምት 11

ከግብር ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ሰብሳቢያችን ከጸሎት በኋላ ቆሞ አነበበው።

ከሣጥኑ የሚተርፈው ለጣሪያ፣ ለመብራት፣ ለቀብር ተብሎ ባንክ ይገባል። ቢሮው እሱን አይቷል። ሰጪው ያልታወቀ ስጦታ ገቢ ነው አለ። ገቢ ከሆነ ግብር አለው። ያለፉት ዓመታት ከነቅጣታቸው ይከፈሉ፤ ወይ የሰጪዎቹ ስም ይምጣና ነፃ ትሆናላችሁ። አለበለዚያ አዳራሹ በሐራጅ ይሸጣል።

ስም! ከየት አምጥተን? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ... ጉድ ፈላ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ "ያንቺ ወንድም እዚያው አይደል የሚሠራው?" አለችኝ። አዳራሹ በሙሉ ዞረብን። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

አባዬ አልሰማም። ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ያንን አዳራሽ የገነባው እሱ ነው፣ ወጣት ሳለ፣ ከሥራ መልስ፣ ከመሠረቱ እስከ ጓዳዋ። ስንወጣ መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ ቆመ።

"ከሸጡት እኔንም አብረው ይሽጡኝ" አለ። እንደ ቀልድ። አልሳቀም ግን።

ጥቅምት 12

ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

"አንተ ነህ የጠቆምክብን?"

"ኧረ እህቴ! እኔ የተሽከርካሪ ግብር ክፍል ነኝ። የናንተ ጉዳይ በደጄም አላለፈ።"

"ታዲያ አታስቆመውም?"

"ሕግ እኮ ነው። ስም ብትጽፉ ምን ትሆናላችሁ? ሁሉም ይጽፋል።"

"ስም ከተጻፈ ያልጻፈው ሁሉ ወሳጅ መሆኑ ይታወቅ የለ? እንዴት አይገባህም?"

"አባዬ ሳሉ እንዴት ነው?" አለ። ራሱ አይደውልለትም። አባዬም አይደውልለትም። ጸሎት ቤት መምጣት የተወ ጊዜ አባዬ አንድ ቃል አልወጣውም፤ ያ ዝምታ ነው ልጁን ያስቀየመው። "ቢቆጣኝ ኖሮ እመለስ ነበር" ብሎኛል አንዴ። ወይ የኔ ቤተሰብ... አንዱ ዝም ብሎ ይቀየማል፣ አንዱ ዝም ስላሉት ይቀየማል፣ መሐል ላይ ሬዲዮ።

ኅዳር 2

ስብሰባ ነበር። ግማሹ "እንጻፍና እንገላገል" አለ። አባዬ ተነሣ። በስብሰባ ተናግሮ አያውቅም።

"ጓዳውን ስገነባ በሩን ጠባብ ያደረግኩት ሁለት ሰው እንዳይገባበት ነው" አለ። "አሁን መንግሥትን ይዘን እንግባ? ድሃው በየት ይለፍ?"

ተቀመጠ። አለቀ። ፍርድ ቤት እንሄዳለን ተባለ፤ የእምነት ነፃነት ብለን። ጠበቃ ተገኘች፣ ወጣት፣ ከኛ ወገን ያልሆነች፣ ግን ነገሩ አንጀቷን በላው። ካባዋ ረዝሞ መሬት ይጠርጋል። አሳጥርልሻለሁ አልኳት።

ኅዳር 19

ችሎት። ምን ዓይነት ቀን!

የመንግሥት ጠበቃ መልከ መልካም ሰውዬ ነው፤ ኮቱ ግን ግራ ትከሻው ላይ ተንሻፏል። (ዓይኔ አያርፍ።) ንግግሩ ለስላሳ። "ክብርት ዳኛ፣ እምነታቸውን ማንም አልነካም። ድሃ ይወስድበታል ይላሉ። ጥሩ። አንድ የወሰደ ሰው ያሳዩን። ከሌለ ግን ይኼ እምነት ሳይሆን ገቢ መደበቂያ ነው።"

የኛ ምስክሮች ቀረቡ። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪዋ።

"ከሣጥኑ ወስደው ያውቃሉ?" አለቻት ጠበቃችን።

ዝም።

"ሰጥተውስ?"

ዝም። ጣሪያውን አየች። ቀጥሎ መካኒኩ... ዝም። ቀጥሎ ሰብሳቢያችን ራሱ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ... ዝም!

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ምስክር ናችሁ ሐውልት?"

ከኋላ ያለው ሁሉ ሳቀ። ጠበቃችን በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። ምን ታድርግ፣ ምስክር ቆጥራ ያመጣችው ምእመን ነው። ለጓዳው ሲሉ መጡ፣ ለጓዳው ሲሉ ዝም አሉ። እኔ ራሴ ብጠራ ምን እል ነበር?

"በሚቀጥለው ቀጠሮ አፍ ያለው ምስክር ይቅረብ። ካልቀረበ ባለው እወስናለሁ" አሉ ዳኛዋ። ባለው ማለት ተሸንፈናል ማለት ነው፤ ጠበቃዋ ናት የነገረችን።

አባዬ እስከ ቤት ሳል ብቻ ነበር።

ኅዳር 24

ጠበቃዋ ካባዋን ልትለካ መጣች። ተንበርክኬ ጫፉን እያጠፍኩ... አፌ በስፒል ተሞልቶ እንኳ አላረፈም።

"የወሰደ ሰው አይቻለሁ" አልኩ።

በአንዴ ስትዞር ስፒሉ ወጋት። አልተሰማትም። "ማንን?"

ምላሴን በነከስኩ። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነገርኳት። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከወላጁ ጋር ጓዳ ይገባል። ስድስት ዓመቴ ነበር። አባዬ ከመወጣጫ ወድቆ ጎኑን ተጎድቶ ሥራ የለውም። የወንድሜ እግር ተሰብሮ ቁስሉ አመርቅዟል፤ ይቆረጣል እየተባለ ነው። ሆስፒታሉ ያለ መያዣ ገንዘብ አላስተኛም ብሏል። እማዬ ታለቅሳለች። የጸሎት ቀን ደረሰ፣ ገባን። አባዬ እጁን እጅጌው ውስጥ ከተተ። ቆየ። በጣም ቆየ። ሲያወጣ እንደ ጨበጠ ነው፤ በጭብጡ ውስጥ ቀዩን መሃረብ አየሁ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። በማግሥቱ ወንድሜ ሆስፒታል ተኛ። እግሩ ዳነ፤ ዛሬ ትንሽ ያነክሳል እንጂ።

ይኼን ሁሉ ዓመት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ፣ ሬዲዮዋ! እዚህ እንኳ አልጻፍኩትም። ምን ነካኝ ዛሬ?

"ይኼን ችሎት ላይ ከተናገርሽ አዳራሹ ይድናል" አለች።

ኅዳር 27

አባዬን ዙሪያ ጥምጥም ጠየቅኩት። "አንድ ሰው ቢናገርስ? አንድ ብቻ። ለቤቱ ሲል።"

ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና አላለም። "የተናገሩ ቀን ጓዳው ዕቃ ቤት ይሆናል።"

"ከተሸጠም እኮ ዕቃ ቤት ይሆናል።"

"ቢሸጥ ሸጡት ነው። ቢናገሩ እኛ አፈረስነው ነው።"

ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዳራሹ ሄደ። ተከትዬው ነበር፣ ከሩቅ። ግድግዳውን እየዳበሰ ዞረው... እንደ ታመመ ሰው ጀርባ። እሱን ካዩ በኋላ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል? አዳራሹ ተሸጦ ይኼ ሰው አይከርምም። ይቀየመኝ። ሞቶብኝ ከማለቅስ ቆሞ ቢቀየመኝ ይሻላል።

ታኅሣሥ 3

ተናገርኩ።

አባዬ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ምስክር ተብዬ ስሜ ሲጠራ መጀመሪያ በደንብ የሰማ አልመሰለውም። ወንድሜ ዘግይቶ መጣ፣ ከኋላ ተቀመጠ። ለምን እንደመጣ አላውቅም። ማልኩ። አፌማ መቼ ከድቶኝ ያውቃል! ሁሉንም ዘረገፍኩት። እግሩን፣ መያዣውን፣ መሃረቡን።

የመንግሥት ጠበቃ ተነሣ። "እጃቸው ውስጥ ገንዘብ አይተዋል?"

"መሃረቡን አይቻለሁ።"

"ገንዘብ ግን አላዩም።"

"ጌታዬ፣ ቤታችን ውስጥ የነበረው እንባ ብቻ ነው። በማግሥቱ ወንድሜ ሆስፒታል ተኛ። ታዲያ ከሰማይ ወረደ?"

ከኋላ ሰው ጉርምርም አለ። ጠበቃው ተቀመጠ።

ዳኛዋ ወደ አባዬ ዞሩ፣ በክብር። "አባት፣ ልጅዎ የተናገሩት እውነት ነው?"

ተነሣ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ። እኔን አየኝ... ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። መንገድ ላይ መንገድ የጠየቀችውን ሴት እንደሚያይ ነው ያየኝ። ችሎቱ ጠበቀ፣ እሱ ዝም አለ።

"ዝምታቸው ይመዝገብ" አሉ ዳኛዋ። ጸሐፊዋ ምን ብላ እንደጻፈችው እንጃ።

ወንድሜን ዞሬ አየሁት። እግሩን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዟል።

ታኅሣሥ 4

"ምሳ ቀርቧል፤ ይብሉ" አለኝ።

ይብሉ። እኔን! አንቺ እያለ አዝሎ ያሳደገኝን። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 12

የጸሎት ቀን። አባዬ አልሄደም። "ራሴን አሞኛል" አለ፣ ለግድግዳው።

እኔ ሄድኩ። ሰው ሁሉ አቀፈኝ። "ጀግና! ቤቱን አዳንሽው!" ገና አልተፈረደም እኮ... ጓዳ ስገባ ግን ከኋላዬ ያሉት ሲያወሩ ድንገት ዝም አሉ። ስወጣ እጄን አዩት። በሕይወቴ እጄን አይተውት አያውቁም።

ቤት ስመለስ በራችን ላይ ዳቦ። ትኩስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። የዳቦ ጋጋሪዋ ጨርቅ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ የዘመዘምኩት። አባዬ ከውስጥ ቆሞ ያየዋል።

"ውሰጂና መልሺ" እንኳ አላለኝም። ለኔ መናገር ትቷል። መካኒኩ ደግሞ ትናንት መንገድ ላይ ሲጨብጠው መዳፉ ውስጥ ገንዘብ አስቀመጠለት። አባዬ እጁን ዘርግቶ ቀረ፤ ገንዘቡ መሬት ወደቀ። የነገረኝ ራሱ መካኒኩ ነው፣ ግራ ገብቶት። "ምን አጠፋሁ?" ይለኛል። ምን ልበለው? ይኼ እንዳይሆን አልነበር እንዴ ጓዳው የተሠራው?

ታኅሣሥ 20

ወንድሜ መጣ። ስንት ጊዜው ነው በዚህ በር ሳያልፍ! ዓይኑ ቀልቷል። አባዬ እግር ሥር ተንበረከከ፣ ያ በደንብ የማይታጠፈው እግሩ ወደ ጎን ቀርቶ። ፖስታ አወጣ።

"አባዬ፣ ለኔ ስትል... ሰው ፊት ለልመና ቆመህ የማታውቀው... ይኼን ለጓዳው መልስልኝ።"

አባዬ ፖስታውን አላየውም። እግሩን ነው ያየው። "ያምሃል እንዴ?"

"ሲበርድ።"

"ጓዳው አበዳሪ አይደለም ልጄ። አይመለስለትም።" ከዚያ እጁን ራሱ ላይ አሳረፈለት። ያ ለኔ የሌለው እጅ። ወንድሜ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ወጥቼ ስፌት መኪናዬ ላይ አለቀስኩ፣ ባዶውን እየነዳሁት ድምፄ እንዳይሰማ።

ጥር 6

ወንድሜ ጸሎት መጣ። ጓዳ ገባ። አንዱ ሲመጣ አንዱ ቀረ... አባዬ ዛሬም ቤት ነው።

ጥር 21

አሸነፍን!

ዳኛዋ አነበቡት። የሰጪን ስም መጠየቅ የተቀባዩን ፊት መግለጥ ነው፤ ይኼ የእምነት ሥርዓት ነው እንጂ ንግድ አይደለም፤ ግብሩም ቅጣቱም ተሰርዟል። ቢሮው ካልተስማማ ይግባኝ ማለት ይችላል አሉ፤ የመንግሥት ጠበቃው ግን እዚያው ይግባኝ አንልም አለ። ሰው ተላቀሰ። ጠበቃዋን ተሸክመዋት ወጡ፣ ካባዋ በልኳ ሆኖላት።

አንድ ነገር ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። "የምስክሯ አባት የታመመ ልጃቸውን ለማሳከም ከሣጥኑ መውሰዳቸው ተረጋግጧል" ብለው አነበቡ። ተረጋግጧል...

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። "አባዬ! ድንጋይህ አልተሸጠም!"

ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ረጥቧል። "ተመስገን" አለ። ቀጥሎ "እንኳን ደስ ያለዎት" አለኝ።

የካቲት 9

ምነው ባልነጋ።

ሱቄ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገባ። ሱሪ ሊያሳጥር። አባዬ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ፎርማን ነው፤ ጋሼ ነው የምለው፣ ልጅ ሆኜ ከረሜላ ይሰጠኝ ነበር። ከኛ እምነት አይደለም።

"ስለ ፍርዱ ሰማሁ" አለ። "የአባትሽን ነገር ግን ከየት አመጣሽው?"

"እንዴት ጋሼ?"

"መያዣውን እኮ እኔ ራሴ አብሬው ሄጄ ነው የከፈልነው። መሣሪያውን ሸጦልኝ! መዶሻውን፣ የሲሚንቶ ማንኪያውን፣ ያንን አባቱ ያወረሱትን የግድግዳ ማቅኛ ቱንቢ ሳይቀር። በጸሎታችሁ ዋዜማ ነው። ቱንቢውን ሲሰጠኝ አለቀሰ፤ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።"

መቀሱ ከእጄ ወደቀ።

"ገንዘቡን ስሰጠው ለሆስፒታሉ የሚሆነውን ለየ። ከተረፈችው ላይ ደግሞ ቆንጠር አድርጎ በመሃረብ ቋጠረ። 'ምነው፣ አንተ ራስህ አጥተህ?' ብለው፣ 'ከኔ የባሰ አለ' አለኝ።"

ቀይ መሃረብ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ምን ልጠይቅ?

ይዞ ነው የገባው። ባዶውን ነው ያወጣው። እጁ የቆየው... ቋጠሮውን በአንድ እጅ እየፈታ ነበር። ጨብጦ ያወጣው ሁሉም ጨብጦ ስለሚያወጣ ነው! ይኼን ሥርዓት በልጅነቴ የማውቀው፣ እጅጌውን የምሰፋው እኔ! ጨብጦ መውጣት ምንም እንደማይናገር እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው? ዓይኔ ያየው ጭብጥ ነው። መሐሉን ልቤ ሞላው።

በችሎት ፊት አባቴን ወሳጅ አደረግኩት። መሣሪያውን ሸጦ የሰጠውን ሰው። እጄን ይዞ ያሳደገኝን። አባዬ... አባዬ ምን አደረግኩህ!

የካቲት 10

ጠዋት ፎርማኑ ያለኝን ነግሬው እግሩ ላይ ወደቅኩ።

"ለምን ዝም አልክ? ዳኛዋ ሲጠይቁህ 'አልወሰድኩም' ብትል ምን ነበር?"

"ከዚያስ? 'ታዲያ ምን አደረግክ?' አይሉኝም? ሰጠሁ ልበል?"

እግሩን አልለቀቅኩም።

"ዛሬውኑ ሄጄ ለዳኛዋ እነግራለሁ። ተሳስቻለሁ እላለሁ።"

"ምን ልትይ? ሰጠ ልትይ?" ክንዴን ያዘኝ። ልትይ አለኝ፣ አንቺ አለኝ፣ በዚያ ሁሉ መሐል እሱን ሰማሁ። "ያየሽውን ተናገርሽ፤ አልዋሸሽም። ያላየሽውን ጨመርሽበት እንጂ። እኔን የከፋኝ ወሳጅ ስላልሽኝ አይደለም ልጄ። የወሰደ ሰው መቼም አለ። ያን ቀን እዚያው ችሎት ተቀምጦ ይሆናል፣ 'አሁን ስሜን ጠሩት' እያለ ሲንቀጠቀጥ። በሱ ፈንታ እኔ ተጠራሁ። ይጥሩኝ፤ ትከሻዬ ይችላል።"

"ታዲያ ለምን ቀረህ? አፍረህ አይደል?"

"እኔ ስገባ እጄን ያያሉ። አንድ እጅ ከታየ ነገ የሌላውም ይታያል። ሲረሱ እመለሳለሁ።"

ሳሉ መጣ። መሃረቡን አፉ ላይ ያዘ። ዛሬ ዞር አላልኩም፤ እሱም አልከለከለኝ።

ሲበርድለት፣ "ለወንድምሽ እንዳትነግሪው" አለ። "እግሩ ጓዳው ያዳነው መስሎት ነው የተመለሰው። ይምሰለው። ፎርማኑንም አፉን አስይዢልኝ።"

"እንዴት እችላለሁ አባዬ? የኔን አፍ ታውቀው የለ?"

"አውቀዋለሁ" አለ። ትንሽ ሳቀ። "ቻይው።"

የካቲት 11

ፎርማኑ ቤት ሄድኩ። "ሆድ ይፍጀው" አለኝ፣ ገባው። ስወጣ አስቆመኝና ቱንቢውን አመጣልኝ፤ ሳይሠራበት አስቀምጦት ኖሯል። አባዬ ትራስ ሥር አደረግኩት። ምንም አላለም። ሲተኛ ክሩን ጣቱ ላይ ይጠመጥመዋል።

መጋቢት 1

ከአልጋ አይነሣም። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና እኔን ወደ ኮሪደር ጠራኝ... ገብቶኛል።

"ሲረሱ እመለሳለሁ" ነበር ያለው። ሰው አልረሳም። በየቀኑ በራችን ላይ አንድ ነገር አለ፣ ሩዝ፣ ብርቱካን፣ ሳሙና። ከሌላ ሰው ደጅ እያደረስኩ አስቀምጠዋለሁ። ማን እንዳስቀመጠው እንዳይታይ እየተደበቅኩ።

መጋቢት 8

አባዬ አረፈ።

መጋቢት 11

ቀብሩ ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እሱ ባቆመው ግድግዳ መሐል የሬሳ ሣጥኑ።

ሰብሳቢያችን ተናገረ። "ወንድማችን በችግሩ ጊዜ ወደ ጓዳው የተዘረጋች እጁ ዛሬ ይኼን ቤት አዳነች።" ሰው አለቀሰ። ዳቦ ጋጋሪዋ ከኋላዬ "ምስኪን! ሲቸገር ኖሮ ሲቸገር ሄደ" አለች፤ ከልቧ ነው ያለችው፣ ከልቧ ስለሆነ ነው የሚያመው። ወንድሜ ደግሞ ጆሮዬ ሥር "ለኔ ሲል እጁን ዘረጋ... ለኔ ሲል" እያለ ይንሰቀሰቃል።

ሰጠ! መሣሪያውን ሸጦ፣ የአባቱን ቱንቢ ሸጦ፣ ልጁ ሊቆረጥ እየጠበቀ ሰጠ! እያለ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። እዚሁ ቆሜ ልጩኸው። አንድ ቃል ናት። አንድ ቃል ብናገር አባዬ ቀና ብሎ ይቀበር ነበር።

አፌን በነጠላዬ ጠርቅሜ ያዝኩት። ሰው ሐዘን መሰለው። "ተዪው፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይሉኛል። አልወጣልኝም። የወንድሜን እጅ ያዝኩ፣ ዝም አልኩ። እስኪሸኝ ድረስ ዝም። በሕይወቴ እንደዚያ ከባድ ነገር ተሸክሜ አላውቅም። አባዬ ይኼን ነበር የተሸከመው? በሰው ሁሉ ፊት፣ ኮፍያውን ይዞ?

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትል ነበር እማዬ። አይታሽም እማዬ። አይታሽም።

መጋቢት 29

ሱቅ ከፈትኩ። ደንበኞች "ምነው ዝም አልሽ?" ይሉኛል። ደክሞኝ ነው እላለሁ።

ሚያዝያ 6

የጓዳውን እጅጌ ሰፋሁ፣ አዲስ። ጠበበ ብሎ የለ? ሰፋ አደረግኩት፣ በአባዬ እጅ ልክ፣ ክብ አድርጌ፣ ስፌቱን ወደ ውስጥ። የግንበኛ እጅ ተጨብጦ ይገባበታል።

ከጸሎት በኋላ ተሰለፍን። ወንድሜ ከፊቴ ነበር። ገባ፣ ወጣ። እጁን አላየሁትም፤ ወለሉን አየሁ። ቀና ስል ዳቦ ጋጋሪዋም ወለሉን ነው የምታየው። መካኒኩም። ማን እንዳዘዘን አላውቅም። አባዬ ቢኖር ይኼኔ ይመለስ ነበር... ትንሽ ቢቆይልኝ ምናለ?

ተራዬ ደረሰ። በሩ ጠባብ ነው፣ ትከሻዬ ድንጋዩን ይነካል። ውስጡ ጨለማ። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር።

እጄን ጨብጬ ከተትኩ። ጨብጬ አወጣሁ።

የቀረውን እዚህም አልጽፈውም።